ቆርቆሮውን ከእማዬ ፊት አንሣልኝ

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ክፉኛ ለተቀየምኩህ ወንድሜ ለጠብደሌ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ከምድጃው አፍ ቆመህ ስትውል የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለፈው ዓመት ትሪው ያቃጠለህ ክንድህ ጠባሳው ጠፋ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ዓይኗ እያስቸገራት ነበር፤ መነጽር አደረገች? አባዬ አሁንም ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚውለው? የእማዬን ጤና ግን አንተን አልጠይቅም። እንዴት እንደሆነች አውቃለሁ፤ በማን ምክንያት እንደዚያ እንደሆነችም አውቃለሁ። እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ። ቆሽቴ ግን አርሯል፤ ያሳረርከውም አንተ ነህ።

ስልክ ብደውል ይቀለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። በሁለተኛው እንዲያውም ከመዝጋትህ በፊት፣ ሦስተኛ ክፍልን የደገመች ሴት ሳይንስ አታስተምረኝም አልከኝ። ይሁን፣ ከልጅነትህ ጀምሮ የምትስቅብኝ በዚያው ነው፣ ለምጄዋለሁ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ብትቀደው ሌላ እጽፋለሁ፤ እሱንም ብትቀደው ለዳቦ ቤቱ ባለቤት ልኬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስነብብሃለሁ። እንደማደርገው ታውቃለህ። ስለዚህ ዱቄትህን አራግፍና ቁጭ ብለህ አንብብ።

የሰማሁትን ልንገርህ፣ ሐሰት ካለበት አርመኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት እነእማዬ ቤት ሄድክ። አባዬ ሚስማር የሚያጠራቅምበትን ያንን አሮጌ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረድክ። ሚስማሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍክና ባዶውን ቆርቆሮ፣ የአኩሪ አተሩ ሥዕል ወደ እሷ እንዲዞር አድርገህ፣ እማዬ ፊት አስቀመጥከው። ያደረቅሽኝ በዚህ ነው አልካት። ጡትሽን ነፍገሽ በአኩሪ አተር ወተት አሳድገሽኝ ነው ልጅ ያጣሁት አልካት። እማዬ አንዲት ቃል አልመለሰችልህም። አንተም በሩን በርግደህ ወጣህ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጇን አልረገጥክም። ቆርቆሮው ግን እስከ ዛሬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አባዬ ሊያነሣው ሲል፣ ተወው፣ ያስቀመጠው ራሱ መጥቶ ያንሣው ብላዋለች። እህልም በግድ ነው የምትቀምሰው። ይህን የነገረችኝ ባለቤትህ ናት፣ እያለቀሰች። ሰባት ዓመት ሙሉ መካን እየተባለች የኖረች ሴት፣ ለራሷ ሳይሆን ለአማቷ አለቀሰች። አንተ ስንት ጊዜ አለቀስክላት?

ደግሞ ማስረጃህ የእኔ ደብዳቤ ሆነ! እህቴ ከምርምር ቤት ጽፋልኛለች እያልክ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው እንደምትዞር ስሰማ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥፋት አለብኝ፣ አልክድም። እሱንም እዚሁ አወጣዋለሁ። አንተ ግን ያነበብከውን ብቻ ሳይሆን ያላነበብከውንም መስማት አለብህ።

ሥራዬን እንደ አዲስ ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ስጽፍልህ ሽታው ላይ ስትስቅ የቀረውን ሳታነበው ትተኸው ይሆናል። የምሠራው እዚህ በሰው አገር፣ ለምርምር የሚያገለግሉ ነጫጭ አይጦች በሚኖሩበት ቤት ነው። ጠዋት ስገባ ልብሴንም ጫማዬንም አውልቄ የቤቱን እለብሳለሁ፤ ፀጉሬን እሸፍናለሁ፤ እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ሳጥኖቹን አጥባለሁ፤ ከሥራቸው የሚነጠፈውን የእንጨት ፍቅፋቂ እቀይራለሁ። መኖውን መዝኜ እሰጣለሁ፣ የተረፈውንም መዝኜ እጽፋለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት አይጥ ነክሳኝ አታውቅም። ዘንድሮ የነከሰኝ የገዛ ወንድሜ ነው።

ዋናዋ ተመራማሪ፣ እኛ ዶክተሯ የምንላት፣ የያዘችው ጥያቄ እንዲህ ነው። አኩሪ አተር ውስጥ፣ ኢስትሮጅን የሚሉትን የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር አለ፤ ተክሉ ራሱ ነው የሚሠራው። አንድ ወንድ አይጥ ገና ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ከእናቱ ወተት ጋር ይህን ነገር እየጠባ ቢያድግ፣ ጎልምሶ አባት መሆን ያቅተዋል ወይስ አያቅተውም? ይኸው ነው። ለዚህ ብላ እናቶቹን ለሁለት ከፈለቻቸው። አረንጓዴ ካርድ የተለጠፈባቸው ሳጥኖች አኩሪ አተር ያለበት መኖ ይበላሉ፣ ነጭ ካርድ ያላቸው የሌለበትን ይበላሉ። ልጆቹ ሲያድጉ የወንዶቹ ዘር በማጉያ መነጽር እየታየ ይቆጠራል፣ የዘር ፍሬያቸው ይመዘናል፣ ከሴት ጋርም ተደርገው መውለድ አለመውለዳቸው ይታያል። እህት ለወንድሟ እንዲህ ያለ ነገር መጻፏ ያሳፍራል፤ ግን አንተ እማዬ ፊት ካልከው አይብስም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከስድስት ወር በፊት የዶክተሯ ረዳት ኮሪደር ላይ ቆሞ ለጓደኛው፣ የአረንጓዴዎቹ ዘር ቁጥሩ የወረደ መሰለኝ ሲለው ሰማሁ። መሰለኝ ነው ያለው። እኔ ግን ወሬ ለማሳመር መሰለኝን ጣልኩና፣ አኩሪ አተር ወንዱን ያደርቃል ብዬ ጻፍኩልህ። ይባስ ብዬ፣ አንተም እኮ የአኩሪ አተር ልጅ ነህ፣ አይጦቹን ባየሁ ቁጥር ትዝ ትለኛለህ ብዬ ቀለድኩ። ያቺን ቀልድ ስጽፍ እጄን በቆረጠው ኖሮ። ልጅ ላጣ ሰው እንዲህ ተብሎ ይቀለዳል? ይቅር በለኝ። ይህንን ይቅርታ ከልቤ ነው የምጠይቅህ። የቀረው ግን የአንተ ዕዳ ነው፣ እኔ አልሸከምልህም።

ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነውን ስማ። አንድ ዓርብ ቀን ባዶ የመኖ ከረጢቶችን እያጣጠፍኩ ነበር። ከነጭ ካርዶቹ ክፍል የወጣ አንድ ከረጢት ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ተዘረጋልኝ። የመኖው ዝርዝር በደቃቅ ፊደል ተጽፎበታል። የዚህን አገር ቋንቋ እንደምንም እናገረዋለሁ እንጂ ማንበብ ላይ ደካማ ነኝ። አንዲት ቃል ግን ከመካከል ዘላ ዓይኔ ውስጥ ገባች። አኩሪ አተር የምትለዋ ቃል ናት። ያቺን ቃል ወደዚህ አገር ከመምጣቴ ከብዙ ዓመት በፊት አውቃታለሁ፣ ከየት እንደማውቃት በኋላ እነግርሃለሁ። ከረጢቱን ይዤ ወደ መኖ መጋዘኑ ጠባቂ ሄድኩ። ለነጮቹ የተባለው መኖ ሲያልቅበት አኩሪ አተር ያለበትን ተራውን መኖ በቦታው ሲሰጥ ኖሯል! በመልክም በጠረንም አይለያዩም። ስጠይቀው፣ መኖ መኖ ነው፣ አይጥ ምን ያውቃል ብሎ ሳቀብኝ። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ አንቺ ሳጥንሽን እጠቢ፣ ምርምሩን ለተመራማሪዎቹ ተይላቸው አለኝ። አራት ወር ሙሉ መኖ በግራም እንድመዝን ሲያስጠነቅቁኝ ከርመው፣ የሚበላው ምን እንደሆነ ያየ ሰው አልነበረም።

ከረጢቱን በብብቴ ይዤ የዶክተሯን በር አንኳኳሁ። እጄን ሳልታጠብ፣ በሥራ ልብሴ። ቃሏን በጣቴ አሳየኋት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ወንበር ሳትፈልግ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠች። በማግሥቱ ሁላችንንም ሰበሰበች፤ ተመራማሪውንም ጠራጊውንም። ጥፋቱ የመጋዘን ጠባቂው ብቻ አይደለም፣ ከረጢቱን ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አራት ወር አኩሪ አተር የበላን አኩሪ አተር ከበላ ጋር ሳመዛዝን ከርሜያለሁ፤ ስለዚህ የቆጠርነው ሁሉ ተሰርዟል፣ እንደ አዲስ እንጀምራለን አለች። የስንት ሰው ድካም እንደሆነ አስበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በሁሉም ፊት አመሰገነችኝ። አለቃዬ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ገባህ ወይ? እናትህን የከሰስክበት ማስረጃ ዛሬ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው። ኪስህ ውስጥ ያለው ደብዳቤ፣ የምርምሩ ባለቤት ዶክተሯ ራሷ ስህተት ነው ብላ የጣለችውን ነገር የሚያወራ ወረቀት ነው። ያቺ ሴት የተማረች ናት፣ የቆመችው የበታቾቿ ፊት ነው፣ ስሟ አለ፣ ክብሯ አለ። ተሳስቻለሁ ለማለት አንድ ቀን ብቻ ወሰደባት። አንተ ሰባት ዓመት ስንት ሰው ከሰስክ? መጀመሪያ ባለቤትህን፣ ቀጥሎ የሰፈሩን ውሃ፣ ቀጥሎ የሰውን ዓይን፣ አሁን ደግሞ እማዬን። ራስህን ብቻ ነው ያላየኸው።

ይህን ስል አኩሪ አተሩ ምንም አላደረገህም ብዬ ልምልልህ አይደለም። አላውቅማ። አንድ ጊዜ መሰለኝን ጥዬ ያየሁት ይበቃኛል። ዶክተሯን ግን አንተን ሳልጠራ፣ አንድ የማውቀው ሰው ብዬ ጠየቅኳት። እሷም፣ ምንም አያደርግም ብዬ አልነግርሽም፣ ይጎዳል ብዬም አልነግርሽም አለችኝ። ያንን ወተት ጠጥተው ያደጉ፣ የወለዱም ብዙ ሰዎች አሉ፤ አይጥ ደግሞ ሰው አይደለም፤ መልሱን ባውቀውማ አይጥ ምን አስቀለበኝ አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሰውየው ወንድምሽ ነው አይደል አለችኝ። ፊቴ አሳበቀብኝ መሰለኝ። ተመርምሯል ወይ አለችኝ። ሚስቱ ሦስት ጊዜ ተመርምራለች አልኳት። እሱስ አለችኝ። ጠብደሌ፣ እሱማ አንድ ጊዜም አልተመረመረም ለማለት ስለ አንተ አፈርኩ፤ አልኳት ግን።

ሥራው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ አሥራ አራት ዓመት ከምድጃ ፊት ቆሟል አልኳት። ሙቀቱ ራሱ የወንድ ዘር ሊቀንስ እንደሚችል፣ በጉርምስና የያዘ የጆሮ ደግፍም ሊሆን እንደሚችል፣ እዚያ አካባቢ ያበጠ የደም ሥርም ሊሆን እንደሚችል፣ ከእነዚህ ውስጥ የሚታከምም እንዳለ ነገረችኝ። ግን የትኛው እንደሆነ ሳይመረመር እኔ ጠንቋይ አይደለሁም አለች። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከምርመራ ሁሉ ቀላሉ ነው አለችኝ፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ዕቃ፣ አለቀ። መርፌ እንኳ የለበትም።

የባለቤትህ ምርመራ ግን መርፌ ነበረው። እንዳልነገረችህ አውቃለሁ፣ ለእኔ ነው የነገረችኝ። ማሕፀኗ ውስጥ መድኃኒት እየረጩ ፎቶ ሲያነሷት ከንፈሯን ነክሳ አድምታዋለች። ወጥታ በራሷ እግር የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ የሰው ሙሽራ ቀሚስ ልትጨርስ። ሦስቱም ጊዜ ደህና ነሽ ነው ያሏት። ደህና መሆኗን ለአክስቶቻችን ነገርክላት? መካን የሚለው ቃል ቤትህ ውስጥ ሲወረወር አፍህን ከፍተህ፣ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ያልተመረመርኩት አልክ? አላልክም። ሳህንህ ላይ አቀርቅረህ ትበላ ነበር። እኔ ራሴ አይቼሃለሁ፣ ባለፈው ስመጣ። ያን ጊዜ ያልተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፍልህ።

አሁን ከየት እንደማውቃት እነግርሃለሁ ያልኩህን ቃል ልንገርህ። ይህን እንዳልነግርህ እማዬ አስምላኝ ነበር። መሐላዬን አፈረስኩ፣ ትቀየመኝ።

እማዬ ጡቷን አልነፈገችህም። በተወለድክ በአሥረኛው ቀን ጡቷ መግል ያዘ፣ ትኩሳቱ ወደ ደሟ ገባ፣ ራሷን ስታ በሰው ሸክም ሆስፒታል ገባች። ሰባ ቀን ተኛች። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ስሟን እንኳ አታውቅም ነበር። አባዬ በመንገድ ሥራ ሩቅ ነበር፤ ቀኑን ቆጥረው የሚለቁት በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ጎረቤት እየመጣች ምግብ ትሠራልናለች፣ ከዚያ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች። አንተ የላም ወተት አልተቀበልክም፤ ታስመልሳለህ፣ ገላህ ሁሉ ሽፍታ ይወጣል። አንድ ሐሙስ የቀረህ ጨቅላ ነበርክ። ጤና ጣቢያ ስንወስድህ ሁለት ኪሎ አልሞላህም። ነርሷ ያንን ቆርቆሮ ሰጠችን። ዱቄቱን በማንኪያው ልክ ለክቶ፣ ውሃውን አፍልቶ አብርዶ፣ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን ሞክሮ መስጠት ነው አለች። ከዚያ ዙሪያውን አየችና፣ ይህን ማን ያደርጋል ብላ ጠየቀች።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በየሦስት ሰዓቱ። አንተ ጠርሙሱን ስትጠባ እኔ ቆርቆሮውን በሌላ እጄ ይዤ ሥዕሉንና ጽሕፈቱን አያለሁ፤ ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝማ። በውጭ አገር ፊደል የተጻፈችው ያቺ ቃል በዓይኔ የቀረችው እንዲያ ነው፤ ትርጉሟን ያወቅኩት ከሥዕሉ ነው። ስድስት ቆርቆሮ ጨረስክ። በየሳምንቱ ተሸክሜህ ሄጄ አስመዝንሃለሁ። እማዬ ከሆስፒታል በወጣች ሳምንት ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጥህ ነርሷ ሳቀች፤ እንዴ፣ ይኸ ጠብደል የማን ነው አለች። ስምህ ከዚያ ነው የወጣልህ። እማዬ ስትመለስ ወተቷ ደርቆ ነበር። ጉልበቴን ይዛ አለቀሰችና፣ ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ውለታ እንዳለበት እያሰበ እንዳያድግ አለችኝ። ለዚህ ነው ያስማለችኝ። ቆርቆሮውን ፊቷ ስታስቀምጥም ዝም ያለችው ለዚህ ነው። ያጠጣሁህ እኔ አይደለሁም፣ እህትህ ናት ብትልህ ነፃ ትወጣ ነበር። እኔን አሳልፋ ላለመስጠት ስድብህን ጠጣችው።

እንግዲህ አኩሪ አተሩ ነው ካልክ፣ ተከሳሿ እኔ ነኝ። ወደ እኔ ዙር። የምልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሌላ ምርጫ አልነበራትም፣ ዛሬም ብትጠይቃት ሰባተኛውን ቆርቆሮ ትከፍታለች።

ስለዚህ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ወደ እማዬ ቤት ሂድ። ምንም አትናገር፣ ንግግር ድሮም አይሆንልህም። ሚስማሮቹን ለቅመህ ቆርቆሮው ውስጥ መልሳቸውና መደርደሪያው ላይ ስቀለው። እግሯ ሥር መውደቅ ካማረህ ደግሞ ውደቅ፣ አልከለክልህም። በማግሥቱ ባለቤትህን ይዘህ ሐኪም ቤት ግባና፣ የመጣሁት እኔ ልመረመር ነው በል። ጮክ ብለህ በለው፣ እሷ አጠገብህ ቆማ እንድትሰማው። ውጤቱ የፈለገው ይሁን፤ ያቺ ሴት ያንን መስማት አለባት። አፈር ስሆን።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መሐላዋን ስላፈረስኩ ስትቆጣ እኔን አትከላከል፣ ትቆጣኝ። አባዬን፣ ሚስማሩን የበተነበት ልጁ እንደሚለቅምለት ንገረውና ግንባሩን ሳምልኝ፤ የሬዲዮውን ባትሪ በሰው ልኬለታለሁ። ባለቤትህን አቅፈህ፣ ቀና በይ ብላሻለች በልልኝ፤ መነጽሩም ከአንተ ላብ ይገዛላት እንጂ ከስፌቷ እንዳትቀንስ። አክስቶቻችንንም ሰላም በልልኝ፣ ግን መጀመሪያ እውነቱን ንገራቸው፣ ሰላምታዬ ከዚያ ይቀጥላል።

ሦስተኛ ክፍልን ለምን እንደደገምኩ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ከትምህርት ቤት ሰባ ቀን ስቀር ሰነፍ ሆኜ መስሎህ ነበር?

የምታፈቅርህ፣
እህትህ

ከአይጦቹ ቤት፣ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ላይ
ሰኔ ፱ ቀን